ለለፋፊው የተሰፋ ድምፅ

ልብስ ሰፊዋን በልጅነቷ የሚያውቋት ሰዎች ድምፅዋን አያስታውሱትም። ያልሰሙትን ከየት ያምጡት? ወላጆቿ ቀድመው ስላለፉ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ እሱ ደግሞ ለራሱም ለእሷም፣ ሲተርፍም ለሠፈሩ የሚበቃ አፍ ነበረው። እንግዳ መጥቶ ስሟን ሲጠይቃት የሚመልሰው እሱ ነው። ሱቅ ስትላክ የሚገዛውን ነገር እሱ ከደጃፍ ሆኖ ለባለሱቁ ይጮኽለታል፤ የእሷ ድርሻ ሄዶ መቀበል ብቻ ነበር። አድጋ የራሷን የልብስ ስፌት ቤት ከከፈተች በኋላም ነገሩ እምብዛም አልተለወጠም። ደንበኛ ቢነጫነጭባት አንገቷን ደፍታ ትለካለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፤ መልስ የሚያሻው ነገር ካለ ወንድሟ ብቅ ሲል ይመልሰዋል።

ወንድሟ በአውቶቡስ መናኸሪያ ለፋፊ ነበር። የመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ከሚሠራበት የሚበላሽበት ጊዜ ስለሚበልጥ፣ የትኛው አውቶቡስ ወዴት እንደሚሄድ፣ የትኛው እንደዘገየ፣ የማን ሻንጣ እንደተረሳ የሚነገረው በእሱ ጉሮሮ ነው። ሾፌሮች ጡሩንባው ይሉታል። ሙያው በደንብ የሚታየው ግን እሁድ እሁድ፣ በቤቱ ደጃፍ ከጎረቤቱ ከአናጢው ጋር ዳማ ሲጫወት ነው። ዳማው ሰበብ ነው፤ የሚወዳደሩት በወሬ ነው። አናጢው አንድ ነገር ሲያወራ ለፋፊው «ውሸት ነው!» ይላል፤ ለፋፊው ሲያወራ ደግሞ አናጢው «ኧረ ተው፣ ሰው ይታዘብሃል» ይላል። አላፊ አግዳሚው የሚቆመው ቆርኪዎቹን ሳይሆን እነሱን ለማየት ነው።

ከወሬዎቹ ሁሉ ሰው ደጋግሞ የሚያስነግረው የሙሽራዋን ነው። አንድ ቀን ጠዋት የሙሽራ ልብስ የለበሰች ልጅ ብቻዋን መናኸሪያ ትመጣና አንዱ አውቶቡስ ላይ ዘላ ትወጣለች። ለፋፊው ሠርገኞቹ የት እንደሚጠብቋት ከሾፌሮች ሰምቷልና፣ የተሳፈረችው በተቃራኒው መንገድ በሚሄደው መሆኑን ሲያይ ይደነግጣል። አውቶቡሱ ተነሥቷል። እየሮጠ፣ እየጮኸ እስከ ኩርባው ይከተለዋል፤ ያንን ድምፅ እየሰሙ እንዳልሰሙ መሆን ስለማይቻል ሾፌሩ ያቆማል። ሙሽራዋ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ቀስ ብላ፣ «ወንድሜ፣ በእናትህ ዝም በል። አልተሳሳትኩም» ትለዋለች። ለፋፊው እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግና፣ «እኔን ዝም ያሰኘችኝ እሷ ብቻ ናት» ብሎ ይጨርሳል።

ሁለተኛው ዝም ያሰኘው በሽታ ሆነ። መጀመሪያ ድምፁ ጎርነን አለ፤ ከሥራው ብዛት ነው ተባለ። ቆይቶ ምግብ መዋጥ ሲያቅተው ሐኪሞቹ ጉሮሮው ውስጥ እብጠት አገኙ፤ ሊተርፍ የሚችለውም ድምፅ የሚያወጣው የጉሮሮው ክፍል አብሮ ከወጣ ብቻ መሆኑን ነገሩት። ያን ቀን በሐኪሙ ክፍል ውስጥ ወንድሟ መሬት መሬት ያያል፤ ሚስቱ በሻርፗ ጫፍ እንባዋን ትጠርጋለች። ሐኪሙ ጥያቄ እንዳላቸው ሲጠይቅ ከሰፊዋ በቀር የሚናገር ሰው አልነበረም። ስለዚህ ተናገረች። በየት በኩል እንደሚተነፍስ፣ ምን እንደሚበላ፣ መሳቅ ይችል እንደሆነ ጠየቀች። ሐኪሙ የመጨረሻውን ጥያቄ ሲሰማ ጥቂት አሰበና፣ ይስቃል፣ ሳቁ ግን አይሰማም አላት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለፋፊው የሚተነፍሰው በአንገቱ ሥር በተከፈተች ቀዳዳ ነው። ሰፊዋ ለቀዳዳዋ መሸፈኛ የሚሆን ከስስ ጥጥ ጨርቅ ሰፋችለት፤ ከየሸሚዙ ጋር እንዲሄድ በልዩ ልዩ ቀለም፣ አቧራ የማያስገባ፣ አየር የማይከለክል። ይህን ታውቅበታለች። ሌላው ጉድለት ግን በጨርቅ የሚሸፈን አልነበረም። ለፋፊው መጻፍ ይችላል፤ ነገር ግን ጣቶቹ ወፋፍራም ጽሕፈቱም ዘገምተኛ ነው፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ቀና ሲል ወሬው እንደ አውቶቡስ ጥሎት ሄዷል። አንዲት ነርስ የጻፉትን የሚያነብ ስልክ አሳይታው ነበር። የስልኩ ድምፅ ቋንቋውን ትናንት የጀመረ ባዕድ ይመስል ስለነበር ሁለት ቃል አስነብቦ መለሰላት። ሊጠይቁት የሚመጡ ሰዎች ከንፈራቸውን ይመጥጡለታል፤ «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ያጽናኑታል። እሱ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

የሰፊዋን ስፌት ቤት ከጎረቤቷ ከኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ሱቅ የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። በዚያ በኩል የቀለጠ የመበየጃ ሊድ ይሸታል፣ በዚህ በኩል በእንፋሎት የራሰ ጨርቅ። ሁለቱም መሣሪያቸውን ካውያ ይሉታል፤ «ካውያዬን ያየ አለ?» የሚል ጥያቄ ሲሰማ ልብስ የሚተኮስበት ይሁን ቦርድ የሚበየድበት ለማወቅ ጥቂት ይፈጃል።

በዚያ ሰሞን የሰፊዋ የስፌት መኪና ተቃጠለ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና ጥፋቱ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ቦርድ፣ ትንንሾቹ ዕቃዎች የሚበየዱበት ሰሌዳ ላይ መሆኑን፣ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ስለተዘጋ ተመሳሳዩ እንደማይገኝ፣ ግን ራሱ አዲስ ነድፎ ሊያሠራላት እንደሚችል ነገራት። እሷ መንደፍ ሲባል ወረቀትና እርሳስ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ኮምፒውተሩን ከፈተ።

የቦርድ መንደፊያ ፕሮግራም ነው። ጠጋኙ ቀድሞ በሌላ ይሠራ እንደነበር፣ ያኛው አንዲት መስመር ለማስመር መስኮት በመስኮት ላይ የሚያስከፍት፣ ሲሳሳቱ የስህተት ቁጥር ተፍቶ የሚዘጋ ክፉ እንደነበር አጫወታት። ይኼኛው ገራም ነው። ትእዛዞቹ በትንንሽ ሥዕል ተቀምጠዋል፤ ዕቃውን ይዞ መጎተት፣ የፈለጉበት ቦታ መልቀቅ ነው። ገጹ ሁለት ነው። በመጀመሪያው ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ይነገራል፤ በሁለተኛው ማን የት እንደሚቀመጥ ይወሰናል። ዕቃዎቹ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲወርዱ፣ መገናኘት ያለባቸው የዕቃዎቹ የብረት እግሮች ሁሉ በቀጫጭን ክሮች ተያይዘው ታዩ።

ሰፊዋ ጠጋ ብላ አየች። ልብስ በመኪና ከመሰፋቱ በፊት በረጃጅም ክር ለጊዜው ይሸለላል፤ እነዚህ ክሮች ያንን መሰሏት። ጠጋኙ አንዱን ክር በማውሱ ሲከተለው ክሩ ጠፍቶ በቦታው ቀይ መንገድ ተሰመረ፤ ይህ መዳብ ነው አላት። መንገዱ ሌላ መንገድ ሲያጋጥመው ጠጋኙ ቀዳዳ በሳና ወደ ቦርዱ ጀርባ አሳለፈው፤ እዚያ በሰማያዊ ቀጠለ።

«መርፌ ማለት ነው» አለች። «ክሩን ወደ ውስጥ አሳልፎ መልሶ ማውጣት።»

ጠጋኙ ዞር ብሎ አያት። ኮምፔንሳቶው ከቆመ ጀምሮ ጎረቤቱ ሳትጠየቅ የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

መኪናዋ ከተጠገነች በኋላም ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል እየሄደች አጠገቡ ትቀመጥ ጀመር። ከሁሉ የማረካት አንድ ትእዛዝ ነበር፤ ወደ ኋላ የታጠፈች ትንሽ ቀስት። እሷን ሲጫኑ የመጨረሻው ሥራ እንዳልነበረ ይሆናል። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው፤ መቀስ ይቅርታ አያውቅም። ዕድሜዋን በዚህ ሙያ ስለኖረች፣ ሰባት ጊዜ ሳትለካ የነካችው ነገር የለም። ዝምታዋም ከዚያው የመጣ ይመስላት ነበር፤ ከአፍ የወጣ ቃልም አይመለስምና። እዚህ ግን ተሳስቶ መመለስ ይቻላል። ጠጋኙ ሻይ ለመጠጣት ሲወጣ ማውሱን ይዛ አንድ ሁለት መንገድ ትስባለች፣ ታጠፋለች፣ መልሳ ትስባለች። ሲመለስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ያገኛታል።

አንድ ቀን፣ ሲጫኑት የሚናገር ነገር መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። ለማን እንደሆነ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም። የጡሩንባውን ዝም ማለት ያልሰማ አልነበረም። ድምፅ ቀድቶ የሚያስቀምጥ ትንሽ ቺፕ እንዳለ፣ ከእሱ ጋር ስምንት ቁልፎች፣ አንድ ስፒከርና ባትሪ እንደሚበቁ አስረዳት። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀላት።

«ንደፊው» አላት።

«እኔ?»

«ቁልፍ በመትከል ማን ይበልጥሻል?»

ሰፊዋ ሳቀች። በየሸሚዙ ላይ የተከለችው ቁልፍ ቢደመር ጆንያ ይሞላል።

ሥራው ሳምንታት ወሰደ። ቁልፎቹን እንደ ኮት ቁልፍ በሁለት ረድፍ አሰለፈች። ሁለት መንገድ ከሚገባው በላይ ሲቀራረብ ፕሮግራሙ ቦታውን በቀይ ይከብበዋል፤ አይቆጣም፣ አይዘጋም፣ እዚህ ጋ ተመልከቺ ይላል እንጂ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ አንዲት መንገድ መውጫ አጥታባት ቆየች፤ በመጨረሻ ቁልፎቹን በሙሉ ወደ ግራ ፈቀቅ ስታደርጋቸው መንገዱ ራሱ ተገኘ። ቺፑ ግን በፕሮግራሙ የዕቃ መደርደሪያ ውስጥ ስላልነበረ፣ የእግሮቹን አቀማመጥ ራሷ መሣል ነበረባት። ቺፑን መዳፏ ላይ አንጋላ እግሮቹን እየቆጠረች ሣለችው። ሲያልቅ ፕሮግራሙ ሁሉን ፈትሾ ስህተት የለም አለ። ጠጋኙም አየት አድርጎ ጥሩ ነው አለ። ንድፉ ቦርድ ወደሚያትመው ፋብሪካ ተላከ።

ቦርዶቹ ሲመጡ አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ ጠርዛቸው እንደ ተቀመቀመ ጨርቅ የጠራ ነበሩ። እያገላበጠች ስታያቸው ቆየች። ከራሷ እጅ የወጣ ነገር ሆኖ ክር የሌለው ይህ የመጀመሪያው ነው። ጠጋኙ ዕቃውን በየቀዳዳው አስገብቶ በየደ፣ ባትሪውን አገናኘ፣ አንዱን ቁልፍ ተጫነ። ዝም። ሌላውን ተጫነ። አሁንም ዝም። ቺፑን ከቦርዱ ጋር ሲያስተያይ ቆየና ሳቁ አመለጠው።

ቺፑን የሣለችው ተገልብጦ፣ በሆዱ በኩል እንዳየችው ነበር። ተቃንቶ ሲቀመጥ የቀኙ እግር በግራ፣ የግራው በቀኝ ውሏል። ሰፊዋ ሳይነግራት ገባት። ሙያውን ስትማር ጨርቁን መገልበጧን ዘንግታ ለአንድ ኮት ሁለት የግራ እጅጌ አውጥታ ታውቃለች።

«ስህተት የለም ብሎኝ ነበር እኮ» አለች፤ ፕሮግራሙን እንደ ሰው ተቀየመችው።

ጠጋኙ፣ ፕሮግራሙ መንገድ ከመንገድ መነካካቱን እንጂ እሷ ቺፑን በየት በኩል እንዳየችው ሊያውቅ እንደማይችል ነገራት፤ እሱ ራሱ ማስተዋል ሲገባው ማሳለፉንም አልደበቀም። ከዚያ ቺፑን ነቅሎ ቦርዱን ገለበጠና በጀርባው በኩል ተከለው። ቀኙ ወደ ቀኝ፣ ግራው ወደ ግራ ተመለሰ። ቁልፉን ሲጫን ስፒከሩ ጠቅ አለ።

የእንጨት ሳጥኑን የሠራው አናጢው ነው። ቺፑ በጀርባ በኩል ስላበጠ ለእሱ የሚሆን ጉብታ ጨመረበት፤ ሳጥኑን ያየ ሁሉ ጎባጣው ይለው ጀመር። ሰፊዋ ስምንት ነገሮች መርጣ በራሷ ድምፅ ቀዳች። «ውሃ እፈልጋለሁ»፣ «አመመኝ»፣ «በሩን ዝጉልኝ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ ሌላም እንዲህ ያለ። ይዛለት ስትሄድ እንደ ልጅ ትሮጥ ነበር። ለፋፊው ስምንቱንም አንድ በአንድ ተጫናቸው። የታናሽ እህቱ ድምፅ ከጭኑ ላይ በትሕትና ውሃ ጠየቀ። ራሷን ዳበስ አደረጋት፣ ሳጥኑን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ አላወረደውም።

ሰፊዋ ለጥቂት ሳምንታት እንዳላየች ሆነች። በኋላ ግን ሆድ ይፍጀው ማለት አቅቷት ለወንድሟ ሚስት ነገረቻት፤ አልወደደውም ማለት ነው፣ ድካሜ ሁሉ ከንቱ ነው አለቻት። የወንድሟ ሚስት ሸሚዝ እያጠፈች ነበር።

«አይክፋሽ እህቴ» አለቻት። «ሲጠማው ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ። ሲያመው ካነሣሡ አውቃለሁ። ውሃ ለመጠየቅማ ድምፅ መች ቸገረው?»

የቸገረው ምን እንደሆነ የታወቀው በሚከተለው እሁድ ነው። ዳማው በደጃፍ ተዘርግቷል፣ ጥቂት ሰዎች ቆመዋል። አንዱ የሙሽራዋን ወሬ ስላልሰማ ንገሩኝ አለ። አናጢው ለወዳጁ አዝኖ፣ እኔ ልንገርልህ ብሎ ጀመረ። ሰውዬው ጥሩ አናጢ እንጂ ጥሩ ወሬኛ አይደለም። ሙሽራዋን ከእናቷ ጋር አመጣት፤ አውቶቡሱን ገና ሳይነሣ አቆመው፤ መጨረሻ ላይም ሙሽራዋ ስህተቷን አውቃ፣ አመስግና ወረደች፣ አገባች፣ ወለደች። የቆሙት ሰዎች «ጥሩ ነው» አሉ። ለፋፊው በየመሐሉ እጁን አንሥቶ ነበር፤ አንገቱን ነቅንቆ ነበር፤ ያየው ሰው አልነበረም። ወሬው ሲያልቅ የዳማውን ሰሌዳ ገፋ አድርጎ ተነሥቶ ገባ። አናጢው ምን እንዳጠፋ አልገባውም፤ ደክሞት ይሆናል አለ።

ከሰዎቹ ጀርባ ቆማ የነበረችው ሰፊዋ ተከትላው ገባች። ወንድሟ ጎባጣውን ከመደርደሪያው አውርዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ጣቷን ያዘና አንዱ ቁልፍ ላይ አሳረፈው፤ «ውሃ እፈልጋለሁ» አለ ሳጥኑ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በእጁ ወደ ውጭ፣ ወደ አናጢው አመለከተና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ድምፅ የለውም። እሷ ግን ልጅነቷን በሙሉ ያንን አፍ ስታይ ነው የኖረችው።

«ውሸት ነው?» አለችው። «ውሸት ነው ማለት ነው የፈለግከው?»

ለፋፊው መዳፉን አልጋው ላይ ደጋግሞ መታ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ አፉ ግን እየሳቀ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የሁለቱ ሆነ። እሱ በከንፈሩ ይናገራል፣ እሷ ትገምታለች፤ ስትስት ራሱን ይይዛል፣ ስታገኝ መዳፉን ይመታል። የተመረጡት ቃላት ሰው ከበሽተኛ የሚጠብቃቸው አልነበሩም። «እንደሱ አይደለም።» «እኔ ነበርኩ፣ አንተ አልነበርክም።» «ከመጀመሪያው ጀምር።» «እሺ፣ ከዚያስ?» አንዱ ደግሞ ትዕግሥት የሚለምን ነበር፦ «ጠብቁኝ፣ ጽፌ ልጨርስ።»

ሰፊዋ የድሮውን ንድፍ ከፈተች። ፕሮግራሙ ሁሉንም እንደተወችው ጠብቆላታል። ቺፑን በዚህ ጊዜ በሆዱ አስተኝታ፣ ከላይ አይታ፣ ደግማ አይታ ሣለችው። ቁልፎቹን እንደ ኮት መደርደሯ ስህተት እንደነበር አሁን ተረዳች፤ ለዓይን ነው የደረደረቻቸው፣ ለእጅ አይደለም። የወንድሟን መዳፍ በሜትሯ ለካች፤ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት፣ ዘርግቶም አጥፎም። ከዚያ ቁልፎቹን በጣቶቹ ቅርጽ በቅስት አዞረቻቸው። አንዱን ስትጎትተው የተያያዙት ክሮች እንደ ላስቲክ እየተለጠጡ ይከተላሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ አንዴ ከተነገረው ፕሮግራሙ አይረሳም። ከአውራ ጣቱ ሥር የሚውለውን፣ «ውሸት ነው!» የሚለውን ቁልፍ ከሁሉ ትልቅ አደረገችው።

የቀረው የማን ድምፅ ይሁን የሚለው ነበር። የጠጋኙን ጠቀሰችለት፤ ራሱን ነቀነቀ። የአክስታቸውን ልጅ አነሣች፤ ነቀነቀ። ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ጠራች፤ አልሆነም። በመጨረሻ ወደ አናጢው ቤት በኩል አመለከተ።

«ከእሱ ጋርማ ትጣላላችሁ» አለችው።

ለፋፊው ትከሻው እስኪናወጥ ሳቀ።

አናጢው ሲጠየቅ መጀመሪያ ደስ አለው። ቃላቱ ሲነበቡለት ግን ፊቱን ቅጭም አደረገ። «በገዛ አፌ ራሴን ውሸታም ልበል?» አለ። ለፋፊው ዓይን ዓይኑን ያየዋል። አናጢው በዚያ እሁድ ወዳጁ ተነሥቶ የገባው ለምን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ሳይገባው አልቀረም፤ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። «እሺ፣ ቅጂኝ» አላት።

ቀረጻው የተደረገው በስፌት ቤቱ ውስጥ ነው፤ ጨርቅ ድምፅ ይውጣልና። አናጢው «ውሸት ነው» አለ፣ ለሐኪም ሕመሙን እንደሚናገር ሰው። ለፋፊው ጠረጴዛውን ደበደበ፤ እንደገና። ትንሽ ከፍ አደረገው። እንደገና። ለፋፊው ተነሥቶ ቆመ፣ ደረቱን ነፋ፣ እጁን እንደ መለከት አፉ ላይ አድርጎ አሳየው፤ መናኸሪያ ውስጥ እንዴት እንደሚቆም፣ አየሩን ከሆድ እንዴት እንደሚያወጣ። አናጢውም ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ኮምፔንሳቶው እስኪንቀጠቀጥ «ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ። ጠጋኙ ምን ሆናችሁ ብሎ እየሮጠ መጣ።

አዲሱ ሳጥን ጉብታ የለውም። በመጣ በመጀመሪያው እሁድ አናጢው ሆን ብሎ ይሁን ልማድ ሆኖበት፣ የሙሽራዋን ወሬ ጀመረ። ሙሽራዋ ከእናቷ ጋር መጣች ከማለቱ፣ ከለፋፊው ጭን ላይ የገዛ ድምፁ «ውሸት ነው!» አለው። የቆመው ሰው ሳቀ። አናጢው ብቻዋን መሆኗን አመነ። አውቶቡሱ ሳይነሣ ቆመ ሲል፣ «እኔ ነበርኩ፣ አንተ አልነበርክም» ተባለ።

«ከማን ጋር ነው የምከራከረው?» አለ አናጢው ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «ሰው እንዴት ራሱን ይረታል?»

ወሬው ከተለመደው ጊዜ እጥፍ ወሰደ። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ለፋፊው «ጠብቁኝ» የሚለውን ተጫነና ጻፈ፤ ሰዎቹም ጠበቁት። ሙሽራዋ ያለችውን አናጢው ከወረቀቱ ላይ አነበበ። ቀስ ብሎ ነው ያነበበው፤ ማንም እንደዚያ አድርግ አላለውም። የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ከዚያ አንዲት ሴት፣ ሙሽራዋ የት ደረሰች ብላ ጠየቀች፤ ክርክሩ እንደገና ተነሣ።

ሰፊዋ ትንሽ ፈንጠር ብላ ቆማ ነበር። ቤት ስትገባ ያሰበችው፣ ለጎባጣው ያን ሁሉ ሳምንት ፕሮግራሙ ፊት ተቀምጣ ስትደክም፣ ወንድሟ ምን ማለት እንደሚፈልግ አለመጠየቋን ነው። ሰው ዝም ሲል የሚፈልገውን እኛ የምናውቅለት ይመስለናል። ለእሷም ስንት ዓመት እንደዚያ ታውቆላት ኖሯል፤ በፍቅር ነው፣ ግን ታውቆላት። ይህን አንድ ቀን ለወንድሟ ነገረችው። አውራ ጣቱን አነሣና ትልቁን ቁልፍ ሳይጫን መልሶ አወረደው።

ለፋፊው ዛሬም አለ። ያቺ ነርስ ሳጥኑን አይታ ኖሮ ሌሎች ሰዎችን ወደ ሰፊዋ መላክ ጀመረች፤ የስፌት ቤቱ ግማሽ ጠረጴዛ የቦርድ ሆኗል። ጠጋኙ ከገበያ ያገኘውን አሮጌ ኮምፒውተር አስተካክሎ ሰጣት። ፕሮግራሙ በየጊዜው ይታደሳል፤ አንዳንዴ የለመደችው ትእዛዝ ቦታው ተለውጦ ይጠብቃታል፣ ያን ቀን የማትናገረው ነገር የለም፤ ጠጋኙ በኮምፔንሳቶው ማዶ ሆኖ ይስቃል።

በቅርቡ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። እናቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ቀኝ ጎናቸውን የመታቸው በሽታ ንግግራቸውንም ወስዶታል። ልጅቱ የሚያስፈልጉትን ቃላት አስባ ነበር የመጣችው፤ ውሃ፣ ሕመም፣ መጸዳጃ ቤት። ሰፊዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«እናትሽ ከማን ጋር ነው የሚጨቃጨቁት?» አለቻት።

ልጅቱ ግራ ገባት። «ከእኔ ጋር» አለች።

«እንግዲያው ይዘሻቸው ነይ።»

እናትየው በማግስቱ መጡ፤ በልጃቸው ተደግፈው፣ ጸጉራቸው በጥንቃቄ ተበጥሮ። ሰፊዋ የሚሠራውን የግራ እጃቸውን በሜትር ለካች፤ ኮምፒውተሩን ከፈተችና ቁልፎቹን በቅስት አስቀመጠችላቸው፤ ይደርሱባቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እናትየው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ማውሱን ያዙ። ልጃቸው ልትረዳቸው ስትነሣ ሰፊዋ በዓይኗ አስቀመጠቻት። ማውሱ አለፈ፣ ተመለሰ። አንዱን ቁልፍ አገኙት፤ ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ዳር ጎተቱት፤ ክሮቹም ተከተሉት። ሰፊዋ ቦታውን ልትለቅላቸው ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።